የታሪክ ማስታወሻ፦ ከሲናር ጋር የተፈጨው ጥቁር ፍሬ

የዛሬው ማስታወሻችን የሚነሳው ከገብስ ማሳ ነው።

የመንዝንና የግሼን ደጋ የሚያውቅ ሰው ሲናርንም ያውቃል። ማንም ሳይዘራው ከገብሱ መሐል ይበቅላል፣ አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል። እህል ባጠረ ጊዜ ደግሞ ሳይለቀም ከገብሱ ጋር ወፍጮ ይገባል።

ከግሼ በስተሰሜን፣ በወሎ ዋድላ ደላንታ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ይህንኑ እህል የበሉ ሰዎች ታመሙ። መጀመሪያ ድካምና ማቅለሽለሽ፤ ቀጥሎ እጅ እግራቸውን ጉንዳን የሄደበት ያህል ወረራቸው፣ አቃጠላቸው። ከዚያ የደም ሥራቸው ትርታ ጠፋ፤ ጣት ጠቁሮ ደረቀ፤ እግሩን ያጣም ነበር። የእናቶች ጡት ነጥፎ ጨቅላዎች በረሃብ ሞቱ። የተመዘገቡት ሕሙማን ከ90 አያንሱም፤ አብዛኞቹ ከ5 እስከ 34 ዓመት ያሉ፣ ገና ሮጠው ያልጠገቡ ነበሩ።

ይህን ያደረሰው ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ነው። ሲናሩ ሲያብብ አበባው ውስጥ ይገባል። ከአበባው የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ይወጣል፤ ዝንብ ይልሰውና ወደ ሌላው አበባ ያደርሰዋል። በመጨረሻ ፍሬ ሊይዝ በሚገባው ቦታ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ ጥቁር፣ ጎበጥ ያለ ቀንድ ይበቅላል። ደም ሥርን የሚያኮማትረው መርዝ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

የፈረንሳይ ገበሬዎችም በዚሁ መከራ ለዘመናት አልቀዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1676 ዴኒ ዶዳር የተባለ ሐኪም በሽታውን ራይ ከሚባል የተበከለ እህል ጋር አያያዘው። ጥቁሩ ቀንድ ራሱ ምን እንደሆነ በግልጽ የታወቀው ግን በ1853 ነው፤ ሉዊ ሬኔ ቱላስን የፈንገሱን ዑደት በማይክሮስኮፕ እየተከታተለ ጻፈው። መሬት ላይ የወደቀው ቀንድ ቆይቶ ባለ ክብ ራስ ቀጫጭን ግንዶች ያወጣል። አንዱ ራስ በስሱ ተቆርጦ ሲታይ ዳር ዳሩን የጠርሙስ ቅርጽ ያላቸው ጉድጓዶች ከበውታል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ረጃጅም ከረጢቶች ተሰድረዋል፤ በእያንዳንዱ ከረጢት ደግሞ 8 የዘር ክሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አስኮማይሴት ከሚባለው ወገን መሆኑን የሚመሰክረው ይህ ከረጢት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ እግር የሚያስቆርጥ ነገር ከእንዲህ ያለ ክር መጀመሩ ነው።

ገበሬ ግን ማይክሮስኮፕ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም። ኤርጎት ከሩቅ ሲያዩት የአይጥ ኩስ ይመስላል፤ ሲሰብሩት ግን ውስጡ ነጣ ያለ ነው። ከአረማሞም ይለያል፤ አረማሞ በጣት ሲታሽ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይበናል፣ ኤርጎት ጠጣር ነው። ይህ ምልክት በየወፍጮ ቤቱ ደጃፍ መታወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ከተፈጨ በኋላ ዓይን አይለየውምና።

ነገሩ በዋድላ ደላንታ አላበቃም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 አርሲ ውስጥ ያው በሽታ ተነሳ፤ ከስፍራው የመጣው እህል በላቦራቶሪ ሲመረመርም ኤርጎት ተገኘበት።

ኤርጎቱን ከእህሉ መለየቱ በወንፊትና በእጅ ለቀማ ይጀምራል። የቀረውን ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ማማሰል ነው፤ ከባዱ ገብስ ይዘቅጣል፣ ኤርጎቱ ከገለባው ጋር ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈው ተገፎ ከብት በማይደርስበት ጉድጓድ ይቀበራል፤ የዘቀጠው በንጹህ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።