ማን ትጥቅ ፈታ? ማንስ ታጠቀ?

ሳውዝ ሲ ውስጥ እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ፣ ጨዋታው ከቤት ኪራይና ከልጆች ትምህርት ተነሥቶ አገር ቤት መድረሱ አይቀርም። እዚሁ ናይሮቢ ያደጉ ልጆቻችን ታዲያ አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ፤ «መንግሥት ሕዝቡን መሣሪያ ሳያስፈታ መጨቆን ይችል ነበር ወይ?» ይሉናል። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት፣ ታሪክ የሚመልሰውን ያህል ልመልስላቸው።

ከቅርባችን እንጀምር። መሐል ከተማ፣ ኪማቲ መንገድ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመውን ሐውልት የማያውቅ የለም። ዴዳን ኪማቲ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1956 ተይዞ ለስቅላት ያበቃው ክስ ሽጉጥ ይዞ መገኘት ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጁት የአስቸኳይ ጊዜ ዘመን መሣሪያ መያዝ በሞት ያስቀጣ ነበር። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1957 ካሚቲ ወኅኒ ቤት ተሰቀለ። በዚያው ዘመን ግን ነጩ ሰፋሪ ሽጉጡን ታጥቆ ራት ይበላ ነበር፤ ለመንግሥት ላደሩት «ሆም ጋርዶች»ም ጠመንጃ ታድሏቸው ነበር።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ሕዝቡን መሣሪያ አስረክብ ብሎ አዘዘ። ያስረከበ አስረከበ፤ እምቢ ያለው ምንሽሩን ይዞ ጫካ ገባ። ለባንዳው ግን ጣሊያን ራሱ ጠመንጃ አደለው። ከወረራው በፊትም ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ፣ ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ ስለነበረው ጉዳቱ በኢትዮጵያ ላይ ወደቀ። ክልከላው እኩል ቢመስልም ጫናው እኩል አልነበረም።

ደርግም በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቤት ለቤት አሰሰ። የተፈለገው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መሣሪያም ጭምር እንጂ። ኢሕአፓም በከተማው ውስጥ ሽጉጥ አንሥቶ ስለነበር ደም ከሁለቱም ወገን ፈሷል። ሆኖም አንዱ ሰው ቤቱ ሲፈተሽ፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ይታጠቅ ነበር። ያለ ፍርድ የተረሸኑትን ወጣቶች ዛሬም የምናለቅስላቸው ብዙዎች ነን። የጽሕፈት መኪና እንደ ጠመንጃ መታደኑ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ጨቋኝ ከጥይት ባላነሰ የሚናገርና የሚደራጅ ሰው ያስፈራዋል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ቢታጠቅ ነፃ ይወጣ ነበር? እንደዚያ ለማለት ያስቸግራል። ገጠሩ በደርግ ዘመንም ምንሽርና አልቢን አላጣም፤ ደርግ ግን 17 ዓመት ገዛ። የጣለውም በየጓዳው የተደበቀ ጠመንጃ ሳይሆን የተደራጀ ጦር ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ በዚህችው በናይሮቢ በኩል ወደ ሐራሬ ሲያልፉ፣ ከእኛ መካከል ስንቶቹ በሞያሌ በኩል ተሰደዱ! ከፈረሰው ጦር እጅ የወጣው ክላሽንኮቭም አብሮ ድንበር ተሻገረ፤ በሰሜን ኬንያም የከብት ዘረፋው በአውቶማቲክ ተባባሰ። እዚያ ያለው አርብቶ አደር ጠመንጃ ስላለው ነፃ ሆነ የሚል የለም።

ስለዚህ የመሣሪያ ሕግ ሁሉ የጭቆና ሕግ ነው ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያና ኬንያ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 የናይሮቢን ፕሮቶኮል የፈረሙት፣ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን ያወጣችው በዚህ ችግር ምክንያት ነው። ነገር ግን ከላይ ያየናቸው ሦስቱም መንግሥታት፣ የጠሉትን አስፈትተው የወደዱትን አስታጥቀዋል። የታጠቀውንም የሚጠይቅ ነፃ ዳኛ አልነበረም።

እንግዲህ ልጆቻችን የመሣሪያ ሕግ ሲወጣ ሲሰሙ፣ ሕጉ ለመንግሥት ወዳጅም ይሠራ እንደሆነ፣ ወታደሩም ባጠፋ ጊዜ ፍርድ ቤት ይቆም እንደሆነ ይጠይቁ። እኛ በዘመናችን ይህን የሚጠይቅ አፍ አልነበረንም፤ የጠየቁትንም ቀብረን መጣን።