ከርነል ከአውድማ፣ ኮምፓይል ከወንበዴ

የሊኑክስን ከርነል ከምንጭ ኮዱ ተነሥቶ ለገዛ ማሽኑ የሚገነባ ሰው አፉ ላይ የሚውሉት ቃላት አገራቸው ለየቅል ነው፤ አንዱ ከአውድማ የመጣ፣ አንዱ ከጫማ፣ አንዱ ደግሞ ከወንበዴ። ሥራው በየጊዜው ሲለወጥ ስሙ ባለበት ቆሟል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የአውድማው ‹ከርነል› ነው። የጥንት እንግሊዞች የእህል ፍሬን ‹ኮርን› ይሉ ነበር፤ ማሳነሻ ቅጥያ ሲጨመርበት ‹ኪርነል› ሆነ፣ ትንሽ ፍሬ ማለት። በኋላም ቅርፊት ተሰብሮ የሚወጣውን ውስጠኛ ፍሬ መጥሪያ ሆነ። ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግን ቦታውን የያዘ ሌላ ስም ነበር። ለሌሎች ፕሮግራሞች ጊዜና ማስታወሻ የሚያከፋፍለው ክፍል ቀድሞ የሚጠራው በሹመት ስም ነው፤ በ1962 ሥራ የጀመረው የማንችስተሩ አትላስ ኮምፒዩተር ‹ሱፐርቫይዘር› ይለው ነበር። የዴንማርክ ተወላጁ ፔር ብሪንች ሃንሰን በ1970 ስለ አርሲ 4000 ሥርዓት ባሳተመው ጽሑፍ ርእስ ላይ ‹ኒውክሊየስ› አለው። ይህም ላቲን ነው፤ ‹ኑክስ› ጠንካራ ቅርፊት ያለው ፍሬ ሲሆን ‹ኒውክሊየስ› በውስጡ ያለው ነው። ሹመቱ ቀርቶ ፍሬው መምጣቱ ለእኔ የአስተሳሰብ ለውጥም ይመስለኛል። ሱፐርቫይዘር ከላይ ቆሞ ያዛል፤ ፍሬ ግን ሌላው ሁሉ የሚከበው፣ ትንሽ ሆኖ መቅረት ያለበት ነገር ነው። ቅርፊቱም ቢሆን አልጠፋም፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን በ1960ዎቹ አጋማሽ ለመልቲክስ ሥርዓት የተጠቃሚውን ትእዛዝ የሚቀበለውን ፕሮግራም ‹ሼል› ብሎ ሰይሞታል።

‹ሶርስ› ከላቲኑ ‹ሱርጌሬ› በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ ውሃ ከመሬት ብቅ የሚልበት ቦታ። ‹ምንጭ ኮድ› ያለው አማርኛ ተናጋሪ ሥሩን አልሳተም። ‹ፓች› ደግሞ የመቀስና የሙጫ ቃል ነው። ፕሮግራም በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ በሚቀመጥበት ዘመን ስሕተት ሲገኝ የተሳሳተው ቀዳዳ በወረቀት ይለጠፍ ነበር፤ ወይም ያ ቁራጭ ተቆርጦ ሌላ ይቀጠልበታል። ላሪ ዎል በ1985 ‹ፓች› የተባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ የሚለጠፈው ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ነበር።

‹ኮምፓይል› ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ላቲኑ ‹ኮምፒላሬ› መዝረፍ ማለት ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ በአንድ ሥራው ውስጥ የሌላውን የመጻሕፍት ሣጥን ስለ መበርበር ሲያወራ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። በ636 ያረፈው የሴቪሉ ጳጳስ ኢሲዶር፣ ስለ ቃላት አመጣጥ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ፣ ቃሉን ‹ፒላ› ከሚለው የሙቀጫ ስም ጋር ያዛምደዋል፦ ቀማሚዎች ልዩ ልዩ ነገር በአንድ ሙቀጫ እንደሚወቅጡ፣ ‹ኮምፒላቶር›ም የሰውን ቃል ከራሱ ጋር ቀላቅሎ ያቀርባል። ቨርጂል እንኳ ከሆሜር ስንኞች ወስዷል ተብሎ በዚህ ስም መከሰሱን ያወሳል። የሙቀጫው ዝምድና ያከራክራል፤ ክሱ ግን ክስ ነው። በመካከለኛው ዘመን የሊቃውንትን ቃል ለቅሞ መጽሐፍ ማዘጋጀት የተከበረ ሥራ ሲሆን ነውሩ ታጥቦ ሄደ። በአማርኛ ‹አጠናቃሪ› ስንል የምናስበውም ይህን ጨዋ ሰው ነው።

ግሬስ ሆፐር በ1950ዎቹ መባቻ ፊላደልፊያ ውስጥ ለዩኒቫክ ኮምፒዩተር ኤ-ዜሮ የተባለውን ሥርዓት ስትሠራ የወሰደችው ይህን የጨዋውን ትርጉም ነው፤ በ1952 ባቀረበችው ጽሑፍም አሠራሩን አብራርታለች። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጉ ንዑስ ፕሮግራሞች በማግኔት ጥብጣብ ላይ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ መጥሪያ አለው። ሰውየው የሚጽፈው የመጥሪያዎቹን ቅደም ተከተል ነው፤ ማሽኑ ከጥብጣቡ እየለቀመ፣ አድራሻቸውን እያስተካከለ፣ አንድ ፕሮግራም አድርጎ ይሰበስባቸዋል። ይህ በእርግጥ ማጠናቀር ነው። በ1957 አይቢኤም ፎርትራንን ሲያወጣ ግን ዋናው ሥራ ሰው የጻፈውን ቀመር ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎም ሆነ፤ ‹ፎርትራን› ራሱ ‹የቀመር ትርጉም› ከሚሉት ቃላት የተቀነጨበ ነው። ቢሆንም ተርጓሚው ‹ኮምፓይለር› መባሉን ቀጠለ።

የስሙ ያለቦታው መቀመጥ ከርነል ሲገነባ በዓይን ይታያል። ‹ሜክ› ብሎ ያዘዘ ሰው ስክሪኑ ላይ በ‹ሲሲ› የሚጀምሩ መስመሮች ሲወርዱ ያያል፤ እነዚህ የኮምፓይለሩ ናቸው፣ እያንዳንዱን የሲ ቋንቋ ፋይል ለየብቻው ይመልሳሉ። የተበታተነውን ለቅሞ፣ አድራሻ አስተካክሎ አንድ የሚያደርገው በ‹ኤልዲ› መስመር የሚመጣው ሊንከር ነው። የሆፐርን ሥራ የወረሰው ሊንከሩ፣ ስሙን የወረሰው ተርጓሚው ነው። ከኮምፒዩተር ቃላት ሁሉ ያለቦታው የተቀመጠ አንድ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

እንደ ኢሲዶር የስምን ሥር በግምት መፈለግ ዛሬም አለ። ግንባታው ሲያልቅ በኢንቴል ማሽኖች ላይ ‹ቢዜድኢሜጅ› የሚባል ፋይል ይወጣል፤ ብዙ ሰው ‹ቢዚፕ 2› በሚባለው መጭመቂያ የታመቀ ይመስለዋል። ‹ቢ› ግን ትልቅ ማለት ብቻ ነው። ቀዳሚው ‹ዜድኢሜጅ› ከ640 ኪሎባይት በታች ባለው የማስታወሻ ክፍል ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ከርነሉ ሲሰፋ ከዚያ በላይ የሚጫን ‹ትልቅ› ዓይነት ተሠራ። በዲስኩ ላይ ሲቀመጥ የሚሰጠው ‹ቪኤምሊኑዝ› የሚለው ስም ደግሞ የበርክሌዩን ‹ቪኤምዩኒክስ› ይከተላል፤ ‹ቪኤም› ቨርቹዋል ሜሞሪ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ‹ዝ› መታመቁን ይናገራል።

ጫማው ‹ቡት› ነው፤ በቡት ጫማ አናት ላይ ባለው ማንጠልጠያ ራስን ወደ ላይ ጎትቶ ማንሣት። ሐረጉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የማይቻል ነገር ለሚሞክር ሰው መቀለጃ ነበር። ኮምፒዩተር ሲበራ ፕሮግራም የሚጭን ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ያንንስ ማን ይጭናል? ቀልዱ ልኩን አገኘ።

የከርነሉ ስም ራሱ የሰው ምርጫ አሸናፊነት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሥራውን ‹ፍሪአክስ› ሊለው አስቦ ነበር፤ ፋይሎቹን ሰርቨር ላይ ያስቀመጠለት አሪ ሌምኬ ግን የማኅደሩን ስም ‹ሊኑክስ› አለው፣ ያው ጸና። ቶርቫልድስም ዛሬ ግንባታውን በሚመራው ሜክፋይል አናት ላይ ለእትሞች የቀልድ ስም ይጽፋል፤ በ2013 የወጣው 3.11 ‹ሊኑክስ ለሥራ ቡድኖች› ተብሏል፣ በማይክሮሶፍት ‹ዊንዶውስ ለሥራ ቡድኖች 3.11› ሲያሾፍ። ገንቢውም የራሱን ቃል የሚያስገባበት ቦታ አለው። ከርነሉ በሚዋቀርበት የ‹ሜኑኮንፊግ› ሜኑ ‹ሎካል ቨርዥን› በሚለው መስመር የተጻፈው ከእትም ቁጥሩ ኋላ ይቀጠላል፤ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ‹ዩኔም› በሚለው ትእዛዝ ይታያል። ባዶ ቦታ ግን አይፈቀድም፤ መጀመሪያው ላይ ሰረዝ ቢገባ በቀላሉ ይነበባል።