የሣር ቃጠሎና የሜቴን ሒሳብ በኢትዮጵያና በጎረቤቶቿ

በአቃቂ ቃሊቲ መረሬ መሬት ላይ አዝመራው ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ ለእሳት የሚተርፍ ሣር እምብዛም አይገኝም። ገለባው ለከብት ይከመራል፤ የጤፉ ጭድ ለቤት ምርጊት ይውላል፤ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል፤ እበቱም ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይገባል። በዚያው የበጋ ወራት ግን በስተ ምዕራብ በጋምቤላ ቆላ፣ ከዚያም ወዲያ በደቡብ ሱዳን፣ ከሰው ቁመት በላይ ያደገው ሣር ሰፊ አገር ይዞ ይነዳል። ባሮና አኮቦ ሁለቱን አገሮች ቢያዋስኑም በወንዞቹ ግራና ቀኝ ያለው ሣር አንድ ዓይነት ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ቃጠሎ የሚወጣውን ጋዝ ለማስላት መሠረት የጣለው ቮልፍጋንግ ሳይለርና ፓውል ክሩትሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት ጥናት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የተቃጠለው መሬት ስፋት፣ በላዩ የነበረው ደረቅ ሣር ክብደት፣ ከዚያ ውስጥ በእርግጥ የነደደው እጅና ከአንድ ኪሎ የሚወጣው ጋዝ መጠን ይባዛሉ። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ጉባኤ በ2006 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ኪሎ ሣር 2.3 ግራም ሜቴን ተመድቧል። ይሁን እንጂ እርጥበት ያልለቀቀው ሣር ነበልባሉ ደካማ፣ ጭሱም ብዙ በመሆኑ የሜቴኑ መጠን ከፍ ይላል። አንዱን ቁጥር ለሁሉም ወራት መጠቀም ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

አገሮችን ማነጻጸር ደግሞ ከዚህ የባሰ ችግር አለበት። ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት የሆነችው በ2011 በመሆኑ ከዚያ በፊት የነበረው ቃጠሎዋ በሱዳን ስም ተመዝግቧል። የሳተላይቱ ዓይን ራሱ እኩል አያይም። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪቃ በ2016 የተቃጠለውን መሬት አጥርቶ በሚያሳይ ሳተላይት ሲለካው 4.9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር አገኘ፤ ይህም ቀድሞ ከሚሠራበት ልኬት በ80 በመቶ ይበልጣል። የተረሱት ትናንሽ እሳቶች ነበሩ፤ እነዚህ ደግሞ የሚበዙት መሬቱ በማሳ በተቆራረጠበት አገር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን የቃጠሎውን ዓምድ ለብቻው ማንበብ ነው። በእሳት የነደደ አንድ ኪሎ ሣር 2.3 ግራም ሜቴን ሲያወጣ፣ ያው ሣር በከብት ጨጓራ ሲብላላ ወደ 20 ግራም ይሰጣል። ከ60 ሚሊዮን በላይ ከብት ያላት ኢትዮጵያ በእሳቱ ሰንጠረዥ ከደቡብ ሱዳን ዝቅ ብላ መታየቷ እንግዲህ የሚያስመሰግን አይደለም። የአቃቂ ገለባም ከቃጠሎው ዓምድ ቢቀር በከብቱ ዓምድ መቆጠሩ አይቀርም።

እሳትን መከልከልም ዋጋ አለው። በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ግራና ቀኝ የሚኖሩት የቦረና አርብቶ አደሮች ቁጥቋጦውን ለመግታት፣ መዥገሩን ለመቀነስና ለምለም ሣር ለማብቀል ግጦሹን በየጊዜው ያቃጥሉ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል መንግሥት በ1970ዎቹ አጋማሽ ይህን ከለከለ። በተከታዮቹ ዓመታት ቁጥቋጦው ገፋ፤ ሣሩ ሳሳ። የከብቱ ቁጥርና የድርቁ መደጋገም ድርሻ እንደነበራቸው አይካድም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት የእሳቱን መጥፋት ነው። በ2000ዎቹ በቁጥጥር የሚካሄድ ቃጠሎ እንደገና ተሞከረ። ነገር ግን ግንዱ የጠነከረ ግራር በሣር እሳት በቀላሉ አይጠፋም፤ በጥላው ሥር ደግሞ እሳቱን የሚሸከም ሣር ብዙም አልቀረም።