ቀለህ ሲቀልጥ አብሮ የሚቀልጠው

በአየር ጤና መንደሮች «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሳይሰማ የሚያልፍ ቀን ጥቂት ነው። አሮጌ ቧንቧና የተሰበረ አልጋ ይገዛል፣ በማዳበሪያ ይሸከማል፤ ብዙው መጨረሻው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ነሐስ በኪሎ ይመዘናል። አንድ አባት ከዘመቻ ይዞት የተመለሰ፣ አበባ የተቀረጸበት የመድፍ ቀለህ ቢመጣም ከቧንቧው ጋር ሚዛን ላይ ይወጣል። አየር ጤና ያለበት ኮልፌ ደግሞ የወታደር ሰፈር ነው፤ ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነበር። በየቤቱ ሳጥን ሥር እንዲህ ያለ ማስታወሻ መኖሩ አያጠራጥረኝም።

ቀለህን ወደ ማስታወሻ መቀየር የእኛ ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዞች በሶም ግንባር እግረኛው ከመዝመቱ በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የመድፍ ጥይት ተኩሰዋል። ቀለሁ የመንግሥት ንብረት በመሆኑ ተሰብስቦ ዳግም እንዲሞላ ይላክ ነበር። ያመለጠው ግን የአበባ ማስቀመጫ፣ የሲጋራ መተርኮሻ፣ የደብዳቤ መክፈቻ ሆነ። ሲቀጠቀጥ እንዳይጨማደድ ሆዱን አሸዋ ወይም የቀለጠ እርሳስ ይሞሉት ነበር። ሰብሳቢዎች «የምሽግ ጥበብ» ብለው የሚገዙት ብዙ ዕቃ ምሽግ አይቶ አያውቅም፤ ከግንባር ኋላ በነበሩ ወርክሾፖች፣ በምርኮኞች እጅ፣ ከጦርነቱም በኋላ ለጎብኚ ገበያ የተሠራ ነው። ይህ ዋጋውን አይቀንሰውም፤ የማን እጅ እንደሠራው ግን ማወቅ ያሻል።

እኛ ዘንድ ጥይት ራሱ ገንዘብ የነበረበት ዘመን አለ፤ በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር በገበያ እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር። በደቡብ ኦሞ ቀለህ ከዶቃና ከቆዳ ጋር ተሰፍቶ ጌጥ ሆኗል። በሰሜን የከባድ መሣሪያ ቀለህ ተንጠልጥሎ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሆኖ አገልግሏል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ጸበል ፍለጋ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ከቀለጠ ቀለህ በተሠራ ዶቃ የአንገት ጌጥና አምባር እየሠሩ ይተዳደራሉ። የልጅ እንጀራ ነውና ቀለጠ ብዬ አላዝንም።

የሚያሳዝነኝ ሳይነበብ መቅለጡ ነው። ቀለህ ገልብጣችሁ ታቹን እዩት፤ በመቀስቀሻው ዙሪያ ትንንሽ ፊደልና ቁጥር ተመትቶበታል። ኤስ፣ ኤም፣ አይ የሚሉ የላቲን ፊደላት ከ935 ጋር ካገኛችሁ የጣሊያኑ ሶቺዬታ ሜታሉርጂካ ኢታሊያና በ1935 እ.ኤ.አ. ያመረተው ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ መረብን የተሻገረችው በዚያው ዓመት፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። በሶቪየት ጥይት ላይ በአብዛኛው የፋብሪካው ቁጥርና ዓመቱ አሉ። የክላሽ ቀለህ ግን ብዙው በመዳብ ወይም በቫርኒሽ የተለበጠ ብረት ነው፤ ማግኔት ይስበዋል፣ ለነሐስ አቅላጭ አይሆንም። እውነተኛው ነሐስ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ዓመቱም ፋብሪካውም ይጠፋሉ።

ስለዚህ ለመሰብሰብ ያሰበ ሰው ታቹን በስልኩ ፎቶ ያንሳ፤ ዕቃው የት እንደተገኘና ከማን እንደመጣ በአንዲት ወረቀት ጽፎ አብሮ ያስቀምጥ። በሎሚና በአመድ አይፈትገው፤ በሚስማር ጫፍ የተጫረ ስም ወይም ቀን በአንድ ፍተጋ ሊጠፋ ይችላል። አባት በሕይወት ካሉ፣ «አባባ፣ ይህን የትኛው ግንባር አገኙት? ማን ቀረጸው? በምን?» ተብለው ዛሬውኑ ይጠየቁ። እርሳሱ ከነቀለሁ ያለ ጥይት ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ፈንጂ መሳይ ነገር ከተገኘ ግን ማንም አይንካው፤ ለፖሊስ ይነገር።