ሰዓቱ ስለደረሰ

አርብ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ ያቺ ቪዲዮ ሳትገጥማችሁ አትቀርም። የጄምስ ቦንዱ ዳንኤል ክሬግ እጁን ዘርጋ አድርጎ፣ ድክም ባለው ግን ደስ በሚል ድምፅ «ክቡራትና ክቡራን፣ ዘ ዊኬንድ!» ይላል። ለብዙዎቻችን ትርጉሙ «ሥራ አለቀ፣ ዕረፍት መጣ» ነው። ሰውዬው ግን ስለ ቅዳሜና እሁድ እያወራ አልነበረም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ ቶሮንቶ ያደገውን አቤል ተስፋዬን ወደ መድረክ እየጋበዘ ነበር። ቀኑ እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2020፣ ቦታው ኒውዮርክ፣ ፕሮግራሙ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ»።

«ምን ዓይነት ፕሮግራም ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መመለስ ከሚመስለው በላይ ያስቸግራል። ከእኛ ቃላት የሚቀርበው «ጭውውት» ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥን ላይ ጭውውት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ግማሹ ወዲያው ይገባዋል፤ አጫጭር ድራማ፣ ዊግ፣ የተጋነነ ገጸ ባሕርይ። ግማሹ ግን ይቀራል። መሃል ላይ ዘፋኝ ይዘፍናል። የውሸት ዜና አንባቢ በእውነተኛው ዜና ያሾፋል። በየሳምንቱ ሌላ አስተናጋጅ ይመጣል፤ ተዋናይ፣ ስፖርተኛ፣ አንዳንዴም ፖለቲከኛ። እኔ እንደሚመስለኝ ከቀልዱ ሳይሆን ከሰዓቱ መጀመር ይሻላል።

አጀማመሩ ራሱ የሰዓት ጉዳይ ነበር። ኤንቢሲ ቅዳሜና እሁድ ሌሊት የጆኒ ካርሰንን «ቱናይት ሾው» እየደገመ ያሳይ ነበር። ካርሰን ድጋሚዎቹ ለሥራ ቀናት ይቆዩልኝ አለ፤ ዕረፍት ሲወጣ እንዲሸፍኑለት። ክፍተት ተፈጠረ። እንዲሞላው የተጠራው የ30 ዓመቱ ካናዳዊ ሎርን ማይክልስ ነው፤ እሱም እንደ አቤል የቶሮንቶ ልጅ። ኦክቶበር 11 ቀን 1975 በኮሜዲያኑ ጆርጅ ካርሊን አስተናጋጅነት ተጀመረ። ስሙን እንኳ ሌላ ሰው ይዞት ነበር፤ ተፎካካሪው ኤቢሲ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የሚል ሾው ነበረው። ያኛው ቶሎ ወደቀ፣ እነ ማይክልስ በ1977 ስሙን ወሰዱት።

ሳምንቱ እንዲህ ነው የሚሄደው። ሰኞ ጸሐፊዎቹና ተዋንያኑ ከእንግዳው ጋር የማይክልስ ቢሮ ውስጥ ተጨናንቀው ሐሳብ ይወረውራሉ። ማክሰኞ ሲጻፍ ይታደራል። ረቡዕ 40 የሚጠጉ ጽሑፎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይነበባሉ፣ አብዛኞቹ እዚያው ይሞታሉ። ለተረፉት ሐሙስና አርብ መድረክ ይሠራል፣ ልብስ ይሰፋል። ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ እውነተኛ ተመልካች ተቀምጦ ሙሉ ልምምድ ይደረጋል። ሰው ያልሳቀበት ይቆረጣል። ፕሮግራሙ 5 ሰዓት ተኩል ላይ በቀጥታ እስኪተላለፍ ድረስ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፣ ተዋንያኑ የሚያነቡት በእጅ የተጻፈ ትልልቅ ካርቶን እንደገና ይጻፋል። ተዋናዩ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ትቶ ዓይኑን ወደ ጎን ካሸሸ ካርቶኑን እያየ ነው ማለት ነው። አልሸመደደም ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ያ መስመር ከአንድ ሰዓት በፊት ላይኖር ይችላል። ማይክልስ ይለዋል የሚባል ነገር አለ፤ ሾው የሚጀምረው ስላለቀ ሳይሆን ሰዓቱ ስለደረሰ ነው።

ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የሚመልሰው የለም። በ2004 ዘፋኟ አሽሊ ሲምፕሰን ሁለተኛ ዘፈኗን ልትጀምር ስትል ቀድሞ የተቀዳው የመጀመሪያው ዘፈን ድምፅ ተለቀቀ፤ ማይኩ አፏ ጋ እንኳ አልደረሰም። ግራ ገብቷት ትንሽ ዘለለችና ከመድረክ ወጣች። ይሄ እንግዲህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ በ1992 የሆነው ነው። አይሪሽዋ ሺኔድ ኦኮነር በልምምዱ ላይ ዘፈኗን ስትጨርስ የአንድ ሕፃን ፎቶ ለካሜራ አሳይታ ነበር። ማታ በቀጥታ ስርጭት ግን የያዘችው የጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛን ፎቶ ነው። ቀደደችው። ስቱዲዮው ጸጥ አለ፤ ዳይሬክተሩ ተመልካቹን «አጨብጭቡ» የሚለውን መብራት አላበራም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን በደል መቃወሟ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው አልሰማትም፣ አሜሪካ ውስጥ የነበራትን ተቀባይነት በእጅጉ ጎዳባት። የበደሉ ታሪክ በሰፊው ሲወጣ «ለካ ልክ ነበረች» ያሉት በርካታ ናቸው፣ ግን ከዓመታት በኋላ። ፕሮግራሙ ቀድሞ የሚቀረጽ ቢሆን ኖሮ ያ ምሽት ተቆርጦ ይጣል ነበር፤ እኔ በዚህ አልጠራጠርም።

«ድሮ ነበር ሾው» የሚለው ወቀሳስ? እሱም እንደ ፕሮግራሙ ያረጀ ነው። ቼቪ ቼዝ በሁለተኛው ዓመት ሲሄድ የተተካው ቢል መሪ ስላልተወደደለት ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ ተመልካቹን «እርዱኝ» ብሎ ለምኗል፤ ቀልድ ነበር፣ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። በ1980 ማይክልስ ራሱ ለአምስት ዓመት ሲለቅ «አበቃ» ተባለ፤ የ19 ዓመቱ ኤዲ መርፊ ባይመጣ እውነትም ሊያበቃ ይችል ነበር። ሰው ሁሉ የሚወደው ወጣት ሆኖ ያየውን ዘመን ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን በአንድ ትውልድ ተዋንያን ለመግለጽ የሞከረ፣ የገለጸው የራሱን ዕድሜ ነው።

ያ የክሬግና የአቤል ምሽት ኮሮና ስቱዲዮውን ከመዝጋቱ በፊት የመጨረሻው ነበር። ኤፕሪል 11 ቀን 2020 ተዋንያኑ በየቤታቸው ቀርጸው አቀረቡ፤ በቅርቡ ከበሽታው ያገገመው ቶም ሃንክስ ከቤቱ ሆኖ አስተናገደ። ሰዎቹ እነሱው፣ ስሙም ያው። አንዳንዱ በደንብ ያስቃል። ግን የሚሳሳት የለም፣ የሚስቅ ተመልካች የለም፣ ያልወጣለት ቀልድ በጸጥታ ሲወድቅ አይሰማም። ወደ ስቱዲዮ የተመለሱት በኦክቶበር ነው።

ጊዜ ካላችሁ የማንኛውንም ሳምንት የመጨረሻ ደቂቃ እዩ። አስተናጋጁ ያመሰግናል፣ ሙዚቃው ይጫወታል፣ ሁሉም መድረክ ላይ ወጥቶ ይተቃቀፋል። አዲስ አበባ እሁድ ጠዋት ነግቷል። ከኋላ በኩል፣ ሳምንቱን ሙሉ የለፋበት ጭውውት ሊተላለፍ ሲል የተቆረጠበት ተዋናይም አለ። እሱም እጁን ያውለበልባል። ሰኞ ስብሰባ አለበት።