መቀስና ባለ እጅ

ደምበጫ ላይ መቀስ ልግዛ ላለ ሰው ባለሱቁ የሚያወጣለት ያንኑ የፕላስቲክ እጀታ ያለውን ነው። ጨርቅም፣ ፀጉርም፣ ወረቀትም በሱ ይቆረጣል። የሰፈራችን ልጆች ከካርቶን አይሱዙ ሲሠሩ፣ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን ሲያቆሙ አያለሁ። ግድግዳው ያምራል፤ መስኮቱ ላይ ሲደርሱ ግን ይቀደድባቸዋል። እጃቸው ጠፍቶ አይደለም፤ መቀሱ ነው።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ስለቱ አጭር፣ ጫፉ ሹል፣ እጀታው ከስለቱ ረዘም ያለ መቀስ ይሻላል። አውራ ጣት ቀለበቱ ውስጥ ሳትጨነቅ መላወስ አለባት፤ ሩብ ሰዓት ቆርጣችሁ ጣታችሁ ከቀላ ተዉት። ችንካሩ የላላ መቀስ ወረቀቱን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ስስ ወረቀት እስከ ጫፉ ድረስ ቁረጡበት፤ ባለሱቁ ቢኮሳተርም ግድ የለም። ወፍራሙ ካርቶን ከችንካሩ ጠጋ ብሎ፣ ጥቃቅኑ በጫፉ ይቆረጣል። ኩርባ ሲመጣ የሚዞረው ወረቀቱ ነው፣ መቀሱ አይደለም። ለግራኝ ልጅ ደግሞ የተለመደው መቀስ ጠላቱ ነው፤ የላይኛው ስለት መስመሩን ይጋርድበታል፣ የእጁ ግፊትም ሁለቱን ስለት ያራርቃቸዋል። «እጅህን ቀይር» እየተባለ ስንቱ ተቆጥቷል!

ታዲያ ይህ አገር ለቀጭን ሥራ የሚሆን ስለት አጥቶ ያውቃል? አያውቅም። ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ያሉበት ጎጃም የመጽሐፍ አገር ነው። የብራናው ቆዳ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ከደረቀ በኋላ በልኩ ይቆረጣል፣ በወስፌ እየተወጋ ይሰመራል። የመቃው ብርዕ እንኳ በስለት ተቀርጾ ነው ቀለም የሚነካው። ካራውንም ወስፌውንም ወናፉ ሥር ተቀምጦ የሚያወጣው ቀጥቃጩ ነበር። ከእሾህ መንቀያ ወረንጦ እስከ ማረሻ ድረስ የሚሠራ ሰው ነው። ለዚህ ሰው የሰጠነው ስም ግን «ጠይብ»፣ ባስ ሲልም «ቡዳ» ነው። ደብተራው በሱ ካራ ብራና ቆርጦ ቅዱሱን መጽሐፍ ይጽፋል፤ እሱ ግን ለጋብቻ አይታሰብም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ብረት ሠሪውን ብቻ ሳይሆን «ጠንቋይ» የሚባለውን ጸሐፊም ይጠቅሳል፤ ለካ ከስድቡ ቆራጩም አላመለጠም ነበር።

መቀስ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው «ሚቀስ» ጋር አንድ ነው። የዛሬው ዓይነት መቀስ በብዛት መውጣት የጀመረው እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ ነው፤ ሮበርት ሂንችሊፍ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1761 ከቀለጠ ብረት መሥራት ሲጀምር ማለት ነው። የጀርመኗ ዞሊንገን ደግሞ ከዚያ ትብሳለች። የስለት ሠሪዎች ከተማ ናት፤ ስሟን ሌላው ዝም ብሎ ስለት ላይ እንዳያትመው ከ1938 ጀምሮ በሕግ ተጠብቆላታል። እነሱ የቀጥቃጮቻቸውን ስም ከሌባ ጠበቁት፤ እኛ የቀጥቃጫችንን ስም ልጅ ማስፈራሪያ አደረግነው። ልጁም አባቱ ሲሰደብበት አይቶ መዶሻውን ቢጥል ምን ይፈረድበታል?

አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ልጁን ለባለ እጅ ልጅ ከመዳር ሞቱን የሚመርጥ ጎረቤት አለኝ፤ ማጭዱ ሲዶለዱም ግን በጠዋት ተነሥቶ የሚሄደው እሱው ዘንድ ነው።