ከጋፋት ምን እንማራለን?

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ሰሞን ሲደርስ የሻይ ቤቱ ወሬ አንድ ነው፤ «ሜካኒካል ምህንድስና ያዋጣል ወይ?» መልሱም ያው ደመወዝና የውጭ አገር ዕድል ነው። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ብረት ምን አግብቶን እንናገራለን? ጥያቄው ግን ከደመወዝ በፊት የታሪክ ጥያቄ ነውና ባንጠየቅም እንመልሳለን።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል መንደር አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ሰዎቹ አንችልም ቢሉም ግድ ሆነባቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ በስተኋላ ግን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ መድፉን አስጎትተው ወደ መቅደላ ተነሡ። ቋጥኝ እየተፈለጠ፣ የጅዳና የበሽሎ ገደል እየተወረደና እየተወጣ፣ ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ በሜካኒካል ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ብረቱን ለማቅለጥ የሙቀት፣ ቅርጽ ለማስያዝ የቀለጠ ብረት አፈሳሰስ፣ ሰባት ቶን ዳገት ለማውጣት የኃይልና የመንኮራኩር ዕውቀት ያስፈልጋል።

ንጉሡ የጎደላቸውን ያውቁ ነበር። በ1858 ዓ.ም. ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያዎች አስጠየቁ። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ። ነገር ግን እስረኞቹ ካልተፈቱ አያልፉም ተባለ፤ ንጉሡም አልፈቱም። በባለሙያ ፈንታ የናፒየር ጦር መጣ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን አጠፉ፤ የጋፋትም ሥራ አብሮ ቀረ። ለምን ቢባል፣ ዕውቀቱ በጥቂት የውጭ ሰዎች እጅና በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ተረክቦ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም።

ታዲያ ብረት የሚያውቅ ሰው በአገራችን ጠፍቶ ነው እንዴ? ኧረ አልጠፋም! ማረሻውንም ማጭዱንም የሚሠራ ቀጥቃጭ በየአገሩ ነበር። ግን ገበሬው ቀን ማረሻውን አሠርቶ ማታ «ቡዳ ነው» ይለዋል፤ ልጁንም አይድርለትም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ። ከመካከላችን እንኳ የአያቱ ሙያ ሲነሣ ወሬ የሚያስለውጥ ጓደኛ አለን። እሱ ነገ «ኢንጂነር» ተብሎ ይከበራል፤ አያቱ በዚያው ብረት ሲሰደቡ ኖሩ። ይህ ፍርድ ነው?

ስለዚህ የኛ መልስ ይህ ነው። ሜካኒካል ምህንድስና መማር የሚገባው፣ አንደኛ፣ ለአንዲት መለዋወጫ ስንል ከውጭ እስኪመጣልን ማሽን አቁመን እንዳንቀመጥ ነው። ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ ከሰው ወደ ሰው እንዲተላለፍና እንደ ጋፋት ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር ነው። ሦስተኛ፣ እጅና መጽሐፍ እንዲታረቁ ነው። ቀጥቃጩ በልምድ የሚያውቀውን ተማሪው በቀመር ይማረው፤ ተማሪውም ከቀጥቃጩ ወናፍ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠይቅ።

ደመወዙም ይምጣ፣ አንጠላም። ብቻ ቱታውን ስትለብሱ የማንን ሙያ እንደምትወርሱ አትርሱ። አያቶቹም በስማቸው ይጠሩ።